አምቡላንስ ልጥራ ወይስ ታክሲ? ሰው ድንገት ሲታመም ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የሚደረገው

እናቴን የሚያህሉ ጎረቤት አሉን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና እየቀዱ ሳለ ሲኒው ከእጃቸው ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ አሉ፣ ቀኝ እጃቸው እምቢ አላቸው። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፣ ንግግራቸውም ተኮላተፈ። ቤት ውስጥ ስድስት ሰው ነበርን። አንዷ «ምች ነው» አለች። ዳማ ከሴ ተቀጠፈ፣ ታሹ፣ ጋቢ ተደርቦላቸው ተኙ። ሆስፒታል የደረሱት በማግስቱ ጠዋት ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን «ስንት ሰዓት ላይ ጀመራቸው?» ብሎ ነበር። «ትናንት ከሰዓት» ስንለው ዝም አለ። ስትሮክ ነበር፣ የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፈንዳት ማለት ነው። እስከ ዛሬ ቀኝ እጃቸው አይሠራም።

የሚቆጨኝ ከስድስታችን አንዳችንም «አምቡላንስ እንጥራ» አለማለታችን ነው። አምቡላንስ መኪና ለገጨው ሰው ወይም ምጥ ለያዛት ሴት ብቻ ይመስለን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ወሰድኩ፣ በሙያው ያሉ ሰዎችንም ደጋግሜ ጠየቅኩ። እዚህ የምጽፈው በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ ለምትኖሩ ይሆናል፣ ግን ብዙው የትም ቢሆን ይሠራል።

መጀመሪያ፦ የበሽታውን ስም ፍለጋ ተዉት

ሰው ሲወድቅ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ስም ማውጣት ይጀምራል። ምች ነው፣ ጨጓራ ነው፣ ድካም ነው፣ ቡዳ ነው። በዚህ ክርክር ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ስሙ የሐኪም ሥራ ነው። የእናንተ ሥራ ሦስት ነገር መጠየቅ ነው፦ አሁን ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው? መንገድ ላይ ሊብስበት ይችላል? እኛ ብናንቀሳቅሰው ልንጎዳው እንችላለን? ለአንዱ እንኳን መልሳችሁ «አዎ» ከሆነ ደውሉ። መልሳችሁ «እንጃ» ከሆነም ደውሉ።

ሳታመነቱ የሚደወልባቸው

ስትሮክ ከተጠራጠራችሁ ፈገግ እንዲል ጠይቁት፣ አፉ አንድ ወገን ወደ ታች ይወርዳል ወይ? ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ እንዲይዝ አድርጉት፣ አንዱ ይወድቃል ወይ? አንድ አጭር ነገር እንዲደግም ንገሩት፣ ቃሉ ይንተባተባል ወይ? ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢታይም ይበቃል። የጀመረበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ወይም ስልካችሁ ላይ ጻፉ። በረጋ ደም ለሚመጣው ስትሮክ የሚሰጠው፣ ደሙን የሚያሟሟው መድኃኒት ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት ያለበት ስለሆነ ሐኪሙ ያንን ሰዓት ካላወቀ እጁ ይታሰራል። የጎረቤቴ ነገር እዚህ ላይ ነው ያመለጠን። ምልክቱ ከትንሽ ደቂቃ በኋላ ቢጠፋም «ለቀቀው» ብላችሁ አትተዉት፣ ሊመለስ ይችላልና። ውሃም ምግብም አትስጡት፣ መዋጥ አቅቶት ትን ሊለው ይችላል።

ሁለተኛው ደረት ነው። ስንቱ ሰው «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ብሎ ተልባ ጠጥቶ ተኝቶ ቀርቷል። ደረት መሃል የሚጫን፣ የሚጨመድድ ወይም የሚያፍን ሕመም፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ፣ ከቀዝቃዛ ላብና ከማቅለሽለሽ ጋር የመጣ እንደሆነ ጨጓራ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። በተለይ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ከሆነ። ደግሞ ስኳር ሕመምተኞችና ሴቶች ላይ ሕመሙ ያን ያህል ላይጎላ ይችላል፣ ትንፋሽ ማጠርና ከባድ ድካም ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ሰውየውን አስቀምጡት፣ ደረጃ አታስወጡት፣ በፍጹም ራሱ መኪና እንዳይነዳ።

ትንፋሽ ያጠረው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፍ መጨረስ ካቃተው ደውሉ። ከንፈሩ ከጠቆረ ደውሉ። አስም ያለበት ሰው የሚነፋው መድኃኒት ካልረዳው እንደዚሁ። ምግብ ታንቆት መናገርም ማሳልም ያቃተው ሰው ካለ ግን አንዱ ይደውል፣ ሌላው ወዲያው ጎንበስ አድርጎት በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ በመዳፉ ጠንከር አድርጎ ይምታው። ካልወጣ ከኋላው ሆኖ ከእምብርቱ ትንሽ ከፍ ብሎ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይጫነው፣ እስኪወጣ ይደጋግመው። ለጨቅላ ሕፃን ሆድ መጫን አይደረግም፣ እሱን በክንዳችሁ ላይ ደፍታችሁ ጀርባውን መምታት ነው።

ራሱን የሳተና ጠርታችሁት የማይሰማ ሰው ሁልጊዜ አምቡላንስ ይገባዋል። የሚጥል በሽታ ግን ይለያል። ሕመሙ እንዳለበት የሚታወቅ ሰው አንቀጥቅጦት በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ከተወውና ከነቃ ማረፍ ነው የሚያስፈልገው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ደግሞ ከያዘው፣ የመጀመሪያው ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ሲወድቅ ጭንቅላቱ ከተመታ ደውሉ። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት። አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ። አጠገቡ ያለውን ድንጋይና ምድጃ አሽሹ፣ ሲረጋጋ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓቱን ያዙ።

በብርድ ወራት ደግሞ ከሰል አለ። ማታ ምድጃ አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች አንድ ላይ ራስ ምታት፣ ማስመለስና ማዞር ከያዛቸው፣ ወይም አልነቃ ካሉ፣ የከሰሉ ጭስ ነው። ገብታችሁ አትቆዩ፣ እናንተንም ይጥላችኋል። በርና መስኮት ከፍታችሁ ወደ ውጪ ጎትቷቸውና ደውሉ። በኤሌክትሪክ የተያዘ ሰው ላይም እንዲሁ ነው፣ ኃይሉን ከቆጣሪው ሳታጠፉ አትንኩት።

ሰው በረኪና፣ የአይጥ መርዝ፣ የነቀዝ መድኃኒት ወይም የተባይ መርጫ ከጠጣ የሚጠበቅ ነገር የለም፣ ደህና መስሎ ቢቀመጥም። እንዲያስመልሰው አታድርጉ። በረኪና ሲወርድ ያቃጠለው ጉሮሮ ሲመለስም ያቃጥለዋል። ወተትም ውሃም አትስጡት። ጠርሙሱን ወይም ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሐኪሙ ከምንም በላይ እሱ ይጠቅመዋል። ራሱን ለመጉዳት ያደረገው ሰው ከሆነ እዚያ ሰዓት ላይ አትገሥጹት፣ ብቻውንም አትተዉት።

ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ካለች ከሌላው ሁሉ ፈጠን በሉ። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ መንቀጥቀጥ፣ ከ12 ሰዓት በላይ የቆየ ምጥ፣ እትብቱ ቀድሞ መውጣት፣ ከወለደች በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልወጣ የእንግዴ ልጅ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ብዙ ጊዜ «የተለመደ ነው» እየተባለ ነው እናት የምትሞተው። ጨርቅ ወይም ሞዴስ በተከታታይ እየራሰ ከሆነ የተለመደ አይደለም።

ሕፃን ጡት መጥባት ካቆመ፣ አልነቃ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ ከሆነ ትኩሳቱ እስኪበርድ አትጠብቁ። የማይቆም ደም፣ ፊትን ወይም ሰፊ የሰውነት ክፍል የነካ ቃጠሎ፣ ከፎቅ ወይም ከግንባታ መወጣጫ መውደቅና የመኪና አደጋም ከዚህ ጋር ናቸው።

ወደ ማን ይደወላል

907 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን አምቡላንሶቹ በክልሎችም አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ 939 የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። ብዙ ሰው እሳት ሲነሳ ብቻ የሚደወል ይመስለዋል፣ ግን አምቡላንስም አላቸው። ሰው መኪና ውስጥ ተጣብቆ ከቀረ፣ ጉድጓድ ከገባ፣ ሕንፃ ከተናደ ደግሞ መጀመሪያ ለእነሱ ነው። ገንዘብ መክፈል ለሚችል 8035 ጠብታ አምቡላንስ አለ። የማደንዘዣ ባለሙያው ክብረት አበበ ቤቱን ሽጦ የጀመረው ድርጅት ነው። ፖሊስ 991 ነው፣ ለትራፊክ አደጋና ለድብድብ።

ከአዲስ አበባ ውጪ ያላችሁ የወረዳችሁን ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ቁጥር ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተቀበሉ። ቤት ውስጥ ስምንት ወር የገባች ነፍሰ ጡር ካለች ይህን ዛሬ አድርጉት፣ ምጥ ሌሊት ሲመጣ ቁጥር መፈለግ ከባድ ነው።

ስልኩ ሲነሳ

መጀመሪያ ቦታውን ተናገሩ። ስልኩ ቢቋረጥ እንኳን የት እንደሚመጡ ይወቁ። ከተማችን ውስጥ ቤት በቁጥር አይገኝም፣ የሚገኘው በምልክት ነው። ክፍለ ከተማና ወረዳ ብቻ ብትሉ ሹፌሩ ይዞራል። ታዋቂ ቦታ ጥቀሱ፦ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ማደያ፣ ትምህርት ቤት፣ የታክሲ መጨረሻ። ከዚያ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ፣ አስፋልት ነው ወይስ ኮብልስቶን፣ ትልቅ መኪና ይገባል ወይስ አይገባም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሳይቱን፣ ብሎኩንና ፎቁን። አራተኛ ፎቅ ከሆነ ቀድሞ መናገር አለበት፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሊፍት የለም፣ ሕመምተኛው በቃሬዛ በዚያች ጠባብ ደረጃ የሚወርደው በጎረቤት ጉልበት ነው።

ቀጥሎ የሆነውን በአጭሩ። «አባቴ በጣም አሞታል፣ ድረሱልን» አይረዳም። «የ60 ዓመት ሰው ነው፣ ከ20 ደቂቃ በፊት ደረቱን ያዘው፣ ነቅቷል፣ ይተነፍሳል፣ ላብ በላብ ሆኗል፣ ስኳር አለበት» ማለት ግን ሁሉን ይነግራል። ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ ነቅቶ እንደሆነና እንደሚተነፍስ አትዝለሉ። እነሱ «በቃ» ሳይሉ ስልኩን አትዝጉ። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጉትና እጃችሁን ነፃ አውጡ፣ የሚያዟችሁ ነገር ሊኖር ይችላል። ከደወላችሁ በኋላ ያንን ስልክ አትያዙት፣ ለዘመድ መንገር በሌላ ስልክ ይሁን። ሹፌሩ መንገድ ጠፍቶት ሲደውል መስመሩ ተይዞ ስንት ደቂቃ እንደሚባክን አስቡት።

አምቡላንሱ እስኪደርስ

አንድ ሰው ወደ ዋናው መንገድ ይውጣ። ማታ ከሆነ የስልኩን መብራት እያውለበለበ። ዘበኛው በሩን ይክፈት፣ ውሻ ይታሰር፣ መተላለፊያው ላይ የቆመ መኪና ይነሳ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ፌስታል ሰብስቡ፣ የክትትል ካርድና መታወቂያ ጨምሩ። ሁሉም ሰው ክፍሉ ውስጥ ተጠጋግቶ አያልቅስ፣ አየርም ይፈልጋል፣ የሚሠራ ሰውም ቦታ ይፈልጋል።

ሕመምተኛው ካልነቃና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ መጠበቅ አይቻልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ያለ ትንፋሽ መተንፈስ አይደለም፣ ልቡ የቆመ ሰው ያንን ሊያሰማ ይችላል። መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት። የአንድ እጃችሁን መዳፍ ደረቱ መሃል አድርጉ፣ ሌላውን በላዩ ደርቡት፣ ክንዳችሁን አትጠፉት፣ 5 ሴንቲሜትር ያህል እስኪገባ ድረስ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። ሲደክማችሁ ሌላ ሰው ይተካ። የጎድን አጥንት ቢሰበርስ ብላችሁ አትፍሩ፣ አጥንት ይድናል።

ራሱን ስቶ ግን በደንብ የሚተነፍስን ሰው፣ ካልወደቀና ካልተመታ፣ በጎኑ አዙሩት። ትውከት ወደ ሳንባው እንዳይገባ ነው። ደም የሚፈስበትን ቦታ ንጹሕ ጨርቅ፣ ነጠላም ቢሆን፣ ደራርባችሁ ጫኑት፣ ጨርቁ ቢርስ አታንሱት፣ በላዩ ጨምሩ። ቡና አትነስንሱበት። ለተቃጠለ ሰው የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ። ቅቤ፣ እንቁላልና የጥርስ ሳሙና ቁስሉን ከማበላሸት በቀር አይረዱም። የስኳር ሕመምተኛ ላብ በላብ ሆኖ ከተንቀጠቀጠና ቃዠት ቃዠት ካለው፣ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ ይጠጣ። መዋጥ ካልቻለ ምንም አታፍስሱበት።

በመኪና አደጋ ወይም ከከፍታ ወድቆ የተጎዳን ሰው «እናንሳው» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም፣ በጎ ልብ ነው ግን አስቁሙት። አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ አንድ መጎተት ዕድሜ ልኩን ሽባ ያደርገዋል። መኪናው ካልተቃጠለ፣ ሌላ መኪና የሚመጣበት ቦታ ካልሆነ፣ ባለበት ይቆይ፣ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ አጥብቆ እንዳይዞር ይያዝለት። ወጌሻ ቤት መውሰድ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ስለ ሕክምናው ገንዘብ ለሚጨነቅም፣ የሦስተኛ ወገን መድን ሕጉ በተሽከርካሪ ለተጎዳ ማንኛውም ሰው የድንገተኛ ሕክምና መብት ሰጥቷል፣ ገጭቶ ያመለጠው ባይታወቅም እንኳን።

ካልተነሳ ወይም «ሁሉም ወጥተዋል» ከተባላችሁ

ይህን መደበቅ አልፈልግም፣ ይሆናል። አምቡላንስ ጥቂት ነው፣ መንገዱም ዝግ ነው። ስለዚህ አንዱ 907 ሲደውል ሌላው በዚያው ደቂቃ 939 ይደውል። «መቼ ትደርሳላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ እሺ ካላችሁ ለሌላው ደውላችሁ «ተገኝቷል» በሉ፣ ያ መኪና ለሌላ ሰው ይደርሳል።

ሩቅ ከሆኑና ሰውየው እየባሰበት ከሆነ መኪና ፈልጉ። ጎረቤት፣ ራይድ፣ ላዳ፣ የተገኘው። ደረቱን የያዘው፣ ስትሮክ የመታው፣ ምጥ የያዛት፣ ደሙ ተጭኖ የተያዘለት ሰው በመኪና ሊሄድ ይችላል። ራሱን የሳተውን የኋላ ወንበር ላይ አጥፋችሁ አታስቀምጡት፣ በጎኑ አስተኝታችሁ አንድ ሰው አጠገቡ ሆኖ ትንፋሹን ይይ። ሞተር ሳይክልና ባጃጅ የመጨረሻ አማራጭ ናቸው። አንገቱና ጀርባው የተጠረጠረው ግን ሌላ ምንም ተስፋ ከሌለ ብቻ፣ በሰፊ ሳንቃ ወይም በተነቀለ በር ላይ፣ ቢያንስ አራት ሰው እኩል አንስቶት፣ ጭንቅላቱ ከገላው ጋር ሳይጣመም።

ወደ ቅርቡ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሙያተኞች አምቡላንስ ውስጥ ከሆኑ የት እንደሚሻል እነሱ ያውቃሉ፣ ለከባድ አደጋ አቤትና አለርት ሆስፒታሎች፣ ለቃጠሎ የካቲት 12 ሆስፒታል ይታወቃሉ። ደርሳችሁ «አልጋ የለም» ከተባላችሁ ዝም ብላችሁ ሌላ ሆስፒታል ፍለጋ አትንከራተቱ። መጀመሪያ እንዲያረጋጉት ጠይቁ፣ ከዚያ ሊያዞኑን፣ ማለትም ሆስፒታሉን ከሌሎች ሆስፒታሎች ጋር የሚያገናኘውን ሠራተኛ፣ አነጋግሩ፣ ቦታ ያለበትን ደውሎ አጣርቶ በሪፈር መላክ የእሱ ሥራ ነው። ገንዘብ እስኪሰበሰብ ብላችሁ ቤት አትቆዩ፣ ገንዘብ የሚያመጣ ሰው ከኋላ ይድረስ።

አምቡላንስ የማይጠራው

የከረመ ሳል፣ ጥርስ፣ የተወለመ እግር፣ መሰፋት የሚፈልግ ግን ደሙ የቆመ ቁስል፣ ቀጠሮ፣ ከሆስፒታል መውጣት፣ አስከሬን ማጓጓዝ። ለእነዚህ ታክሲ አለ። «እኔ ከደወልኩ አንድ መኪና ቢመጣ ምን አለበት» አይባልም፣ ያ መኪና እናንተ በር ላይ ሲቆም ሌላ ሰፈር ደም የሚፈሳት አራስ ልትኖር ትችላለች። ልጆች ለጨዋታ እንዳይደውሉም ንገሯቸው። ግን ከልባችሁ ተጨንቃችሁ ደውላችሁ ነገሩ ቀላል ሆኖ ቢገኝ አትፈሩ፣ ማንም አይቀየማችሁም።

ዛሬ ማታ የሚሠራ ነገር

ቁጥሮቹን ስልካችሁ ላይ ብቻ አትያዙ። አንድ ወረቀት ውሰዱ፣ በትልቁ ጻፉና ከበሩ ጀርባ ለጥፉት። ቤት የምትውለው ሠራተኛ፣ አያት ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ስልኩን አንስቶ እያነበበ መናገር እንዲችል አድርጋችሁ። የእኛ በር ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ «907፣ 939። ከማደያው ፊት ለፊት ባለው ኮብልስቶን ግቡ። ሁለተኛው መታጠፊያ ወደ ግራ። አረንጓዴ የብረት በር፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ። አምቡላንስ እስከ በር ይገባል። አያታችን ደም ግፊት አለባቸው፣ መድኃኒታቸው ፍሪጁ ላይ ነው።»